የጣሪያው ዋጋ

መስከረም 19

ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሶላሩን አጠብኩ። አቧራ፣ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ... ሰማዩ ሁሉ እያለላቸው የኔን ፓነል ነው የሚመርጡት። ባለቤቴ ከታች መሰላሉን ይዛ ታጉረመርማለች።

«ሽማግሌ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? ወድቀህ ብትሰበር ማን ሊያስታምምህ ነው?»

«ዕድሜዬን የስልክ ምሰሶ ላይ የፈጀሁ ሰውዬ፣ ከዚህ ልወድቅ?»

«ያኔ ሆድ አልነበረህም።»

እውነቷን ነው።

ከምሳ በኋላ ሌላ ከተማ ያለችው ልጃችን ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ክው ብዬ ነበር... ለካ ደስታ ነው። ከሷ ቤት ጋር በአጥር ብቻ የሚለያየው የጎረቤቷ ቤት ሊሸጥ ነው። ሴትዮዋ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን መኖር ከብዷቸው ልጃቸው ጋ ሊጠቃለሉ ነው። «ለደላላ ከመናገሬ በፊት ለእናትሽ ንገሪያት» ብለዋታል። ደረጃ የለው፣ ፎቅ የለው፣ መታጠቢያው ከመኝታ ቤቱ አጠገብ። ልጄ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ዕድሜ ልኳን አዋላጅ ነበረች። የስንቱን ልጅ በእጇ ተቀብላ ለእናቱ ሰጥታ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። «የልጄን ልጅ እንኳ ሲያድግ ልየው» አለች። «አጥር ለአጥር! ሲያለቅስ እሰማዋለሁ እኮ።»

እንግዲህ ቤታችንን መሸጥ ነው። ቅር አላለኝም። የሷ ጉልበት ከኛ ደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

«እንኳንም ሶላሩን አስገባሁ። አሁን የከፈልነውን ይመልስልናል፣ ከነትርፉ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ወይ አንተና መስታወትህ!»

በሶላሩ ገንዘብ ምድር ቤት መታጠቢያ ክፍል ልሠራላት ነበር፣ ከአራት ዓመት በፊት። «ቤቱን ስንሸጥ ዋጋ ይጨምራል» ብዬ አሳመንኳት። አሳመንኳት... ወይስ ታከታት?

መስከረም 23

ደላላው መጣ። ሁሌ ስለሚሮጥ የሰፈሩ ሰው «ሮጦ አደር» ነው የሚለው። ዛሬም እየሮጠ ገባ። ሳሎኑን በእርምጃ ለካ፣ ቧንቧ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ከንፈሩን መጠጠ። ጣሪያውን ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት...

ዋጋ ጠራ። መጥፎ አይደለም። ካሰብኩትም ይሻላል። ለሴትዮዋ ቤት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

«ሶላሩስ?» አልኩት።

«ሶላሩማ ጥሩ ነው ጋሼ። ማስታወቂያው ላይ በደማቁ እንጽፈዋለን።»

«ማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ዋጋው ላይ ጻፈው!»

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

ጥቅምት 1

ገዢ ነኝ የሚል ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። አንዱ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎልማሳ «ብሎኑ የገባበት ቦታ አያፈስም?» ይለኛል። ያንን ብሎን ማን እንዳሰረው ቢያውቅ! ከገጣጣሚዎቹ እኩል ጣሪያ ላይ ውዬ እያንዳንዱን በእጄ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። አንዷ ደግሞ ለባሏ «ይሄ ነገር ሲነሳ ቤቱ ያምራል» አለችው። እኔ እየሰማሁ። ሲነሳ!

ባለቤቴ ኩሽና ገብታ አፏን አፍና ስትስቅ ሰማኋት።

ጥቅምት 9

ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጠራኝ። «ሊቁ» ነው የምንለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከስልኩ ላይ ያላነበበው የለም። የጉበት በሽታ በለው፣ የባሕር ዓሣ በለው...

«ሶላር ያለው ቤት ከሌለው በጣም በልጦ ነው የሚሸጠው። ጥናት አለ።»

«የት አገር?»

«በሠለጠነው ዓለም!»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይሄንን ነበር ስል የኖርኩት! ወዲያው ደላላው ጋ ደወልኩ። ዋጋውን ከፍ አድርገው አልኩት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ገዢ ይምጣ» አለኝ።

ጥቅምት 21

ዛሬ ትክክለኛዋ ገዢ መጣች።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ባሏ አብሯት ነበር፣ ዝምተኛ ሰው። እንደሌሎቹ ቁም ሣጥን አልከፈተችም። በር ላይ ቆማ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና «መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ያቆያል?» አለችኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ!

አባቷ ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። መብራት በሄደ ቁጥር እሷ ከሥራ፣ ባሏ ከሥራ እየሮጡ ይመጣሉ። ባትሪው ጋ ወሰድኳት። ቆጣሪውን አጠፋሁ። አምፖሉ ብልጭ እንኳ አላለም። ደግሜ አጠፋሁ። ባሏን እጁን ያዘችው። እንዲህ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

«ያየናቸው ሌሎቹ ቤቶች ከዚህ ይሰፋሉ። ይሄን የምንመርጠው በሶላሩ ነው» አለች። ደላላው የጠራውን ዋጋ ሳትከራከር እሺ አለች።

እኔ ግን በሆዴ... በሶላሩ ነው የምንመርጠው ካለች ሶላሩ ዋጋ አለው ማለት ነው። ዋጋ ካለው ለምን በነጻ ይሄዳል? ሊቁም ብሎኛል። «ደላላው የነገረሽ የቤቱን ነው፤ ሶላሩ ለብቻው ይታሰባል» አልኳት። የምፈልገውንም ነገርኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ ያለን ይሄው ነው» አለች።

«ተመካከሩበት» አልኩ። ደላላው ጫማውን ያያል። ባለቤቴ ሻይ በትሪ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ማንም ሳይጠጣው ሄዱ።

ይመለሳሉ። የትም አያገኙም እንዲህ ያለ።

ጥቅምት 22

ባለቤቴ ከቁርስ ጀምሮ አኩርፋለች። ከዚያ ፈነዳች።

«ለምን ከለከልካት?»

«አልከለከልኳትም። ዋጋ ነው የነገርኳት።»

«ዋጋውንማ እሺ ብላህ ነበር።»

«የቤቱን ነው እሺ ያለችው።»

«ቤት ያለ ጣሪያ ይሸጣል እንዴ?»

ሳቄ ሊመጣ ነበር፣ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«እንግዲያው መስታወትህን ነቅለህ ያዝና ቤቱን ስጣት» አለች።

«ካለሱማ አትገዛውም!»

«እኮ! በሱ የመጣችልህን ሰው በሱ መለስካት።»

ኋላ «ጡረታችን ነው የምጠብቀው፣ ለማን ብዬ ነው?» አልኳት። እሷ ደረጃውን መውጣት ጀምራ ነበር፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሌላውን እየጎተተች፣ እጇ መደገፊያው ላይ። መሀል ላይ ቆመች። «ለኔ ከሆነ ስጣት» አለች፣ ሳትዞር።

ጥቅምት 28

ሮጦ አደር ደወለ። ባልና ሚስቱ ጨመሩ! ትንሽ ናት፣ ግን ጨመሩ። «ጋሼ፣ አሁን ይበቃዎታል፣ እንፈራረም» ይለኛል።

እኔ ምን እንዳልኩ? «ከጨመሩ ገና ይጨምራሉ» አልኩት።

ጥቅምት 30

አልደወሉም።

ኅዳር 5

ሌላ ቤት ገዙ። ሶላር የሌለው። «ራሳችን እናስገባለን፣ ትንሽም ቢሆን» አሉ አሉ።

ደላላው ሊነግረኝ እየሮጠ አልመጣም፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በረንዳ ላይ ተቀመጠ። «ሶላር ገዢ ይጠራል ጋሼ። ቶሎ ያሸጣል። በላዩ ላይ ክፈሉኝ ሲሉት ግን ማንም አይከፍልም። ሥራውን ሠርቶልዎት ነበር እኮ። ከስንት ቤት መሀል እርስዎ ቤት አመጣልዎት።»

ተቆጣሁት። ኮሚሽንህ ነው የቆጨህ አልኩት። ሰውየው ምን አደረገኝ?

ለባለቤቴ እንዴት እነግራታለሁ ስል፣ ለካ መስኮቱ ክፍት ነበር። ሰምታ ጨርሳለች። እራት ላይ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝ።

ኅዳር 19

ልጄ ደወለች። እናቷን አልጠየቀችም፣ እኔን ነው ያለችው።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ እየጠየቁኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

«ትንሽ ይታገሡ በያቸው።»

«እስከ መቼ?»

«ገዢ እስኪመጣ ነዋ።»

«መጥቶ አልነበር?»

እናቷ ነግራታለች። ጆሮዬ ጋለ። «አባዬ፣ እሳቸውም ልጃቸው ጋ ለመሄድ ነው የሚሸጡት። እንደ እማዬ ናቸው እኮ» አለችኝ። ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ዘለቀኝ? አሮጊቷን እስካሁን እንደ ቤት እንጂ እንደ ሰው አላሰብኳቸውም ነበር።

ደላላውን ወደ መጀመሪያው ዋጋ መልሰው አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። ገዢው ግን ጭጭ።

ታኅሣሥ 3

ባለቤቴን መናኸሪያ አደረስኳት። ልጃችንን ልታርስ ሄደች። አንድ ሻንጣ ነው ያለኝ ትላለች፣ ሳነሳው ከባድ ነው። የክረምት ልብሷን ሁሉ ይዛለች። ለአራስ ጥየቃ ይሄን ሁሉ? ... አልጠየቅኳትም።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱን ከፈተች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ምን ወጣኝ? «መድኃኒትሽን ይዘሻል?» ወጣኝ።

«ይዣለሁ። አንተም ምግብህን ብላ» አለች። «ሲሸጥልህ ትመጣለህ።»

ሲሸጥልህ። ሲሸጥልን አላለችም።

ታኅሣሥ 21

ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው። ሕፃኗን በስልክ ስታለቅስ ሰማኋት። ስታለቅስ እንኳ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ወደኔ ወጥታለች።

«እኔው ነኝ የተቀበልኳት፣ ሐኪሟ ቦታዋን ለቀቀችልኝ» አለች ባለቤቴ። ስንት ወር እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ቤቱ ባዶ። ሁሉም ክፍል ውስጥ መብራት ይበራል። ባትሪው ሙሉ ነው። ለማን ነው የሚበራው?

እየዞርኩ አጠፋሁ።

ጥር 10

ልጄ ደወለች፤ የሴትዮዋ ቤት ተሸጠ። አናጢ ነው የገዛው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት። ሴትዮዋ ሲሰናበቱ ልጄን አቅፈው «አልቻልኩም፣ ብዙ ጠበቅኩ» ብለው አለቀሱ አሉ። እሳቸው ምን ያልቅሱ?

«እናትሽን አገናኚኝ» አልኳት።

ቆየች። ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል።

«ሕፃኗን እያጠበች ነው አባዬ።»

በዚህ ሰዓት ሕፃን አይታጠብም።

ጥር 11

ዛሬ ምንም አልሠራሁም።

የካቲት 2

መብራት ከሄደ ሰነበተ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ፣ የኔ ቤት ብቻ እንደ ሠርግ ቤት። ሊቁ ስልኩን ሊሞላ መጣ። ሻይ አፈላሁለት። ስልኩ ነፍስ እስኪዘራ ድረስ የሚያነበው ስለሌለው መሰለኝ፣ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር።

«ያ ጥናት» አልኩት፣ «ሶላር ያለው ቤት በልጦ ይሸጣል ያልከኝ...»

«አዎ?»

«እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል?»

ሻዩን አማሰለ። «ርዕሱን ነው ያነበብኩት» አለ። ከዚያ ደግሞ «እኔ እኮ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው የነገርኩህ!»

ምን ይባላል? ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። እሱ ላይ ልፈርድ ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። እኔም የምፈልገውን ስለነገረኝ ነው ያመንኩት። ደላላውም ነግሮኝ ነበር፣ ባለቤቴም ነግራኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

የካቲት 16

ገዢ መጣ። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። ምድር ቤቱን የዕቃ ማከማቻ፣ ላዩን ሌላ ፎቅ ሊያደርገው ነው። ባትሪውን አሳየሁት፣ እንደ ልማዴ ቆጣሪውን አጠፋሁ... አምፖሉ ትንሽ ቆይቶ ፈዘዘ። ደክሟል ባትሪው። የዓመት ጉዳይ ነው፣ ዕቃ ነዋ፣ ያረጃል። ለካ እኔ ዋጋው እስኪወጣ ስጠብቅ እሱ ቁጭ ብሎ እየወረደ ነበር።

ነጋዴው ግን ባትሪውን ልብም አላለው። «ጣሪያው ስለሚፈርስ ይሄን ቀድመው ያንሱልኝ» አለኝ። ያቀረበው ዋጋ ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ካለችው ያንሳል።

እሺ አልኩ። ወዲያው። ደላላው ዞሮ አየኝ።

መጋቢት 4

ፓነሎቹን ምን ላድርጋቸው? አንድ ሐሳብ መጣልኝና ፋርማሲው ሄድኩ። ትንሽ አስገባለሁ ብላ አልነበር? በርካሽ ልስጣት፣ እኔው ራሴ ወጥቼ ልግጠምላት። ሰልፉ ውስጥ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ አወቀችኝ። ትዘልፈኛለች ብዬ ነበር።

«አባባ፣ እንደምን ነዎት? ምን አመመዎት?»

ምን አመመኝ? ... የመጣሁበትን ነገርኳት። አመሰገነች። አስገብተው ጨርሰዋል፣ የማሽኑን ያህል ብቻ የሚችል። አባቷ ደህና ናቸው። ተመስገን አልኩ፣ ከልቤ።

ልወጣ ስል «ቤቱን ሸጡት?» አለች። አዎ አልኳት።

«ያቺ ወደ ግቢው የምታየው መስኮት...» አለች፣ የሰው መድኃኒት እየጠቀለለች። «የአባዬን አልጋ እዚያ ጋ አድርጌ አስቤው ነበር። አዲሱ ቤት መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው።»

ክፉ ልትናገረኝ አይደለም። ያሰበችውን ነው የተናገረችው። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ፤ እኔ ያን ዕለት ዓይኔን በጨው አጥቤ የጠየቅኳት ለሶላሩ አልነበረም። አባቷ እንዲተነፍሱ ክፈይ ነው ያልኳት።

መጋቢት 26

ፓነሎቹን አወረድኩ። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰውዬ መጥቶ እያንዳንዱን በጥፍሩ ጫረ። ይሄ ተጭሯል፣ ይሄ ጠርዙ ጎድሏል፣ ባትሪውማ ለብረቱ ካልሆነ... የሰጠኝን ተቀበልኩ። አልተከራከርኩም።

የቤት ዕቃችንን የሚጭን መኪና ተከራየሁ። የፓነሎቹ ገንዘብ ልክ ለመኪናው ኪራይ በቃ። ለጫኚዎቹ ከኪሴ ጨመርኩ።

ከባለቤቴ ጋር የኖርንበትን ቤት ቁልፍ ለነጋዴው ሰጠሁት። ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሊቁ ሊሰናበተኝ መጣ። «እንግዲህ ስልኬን ማን ጋ ልሞላ ነው?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

መጋቢት 29

ደረስኩ። ባለቤቴ መናኸሪያው ድረስ መጥታ ቆማለች፣ ሕፃኗን ታቅፋ። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ግን አማረባት። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ልጅቷን ክንዴ ላይ አደረገችልኝ።

«አንገቷን ደግፍ። እንደሱ አይደለም... አዎ፣ እንደሱ።»

መንገድ ላይ ያሰላሰልኳቸውን ነገሮች ሁሉ ረሳሁ። ክብ ፊት፣ ያኮረፈ ከንፈር። አለቀስኩ። መናኸሪያ መሀል፣ ሰው እያየኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። በመጨረሻ ወጣኝ።

ባለቤቴ የሕፃኗን ኮፍያ አስተካከለች። «ፀሐይ ይመታታል፣ ወደ ጥላው እንግባ» አለች።

ሚያዝያ 15

ቤት ተከራየን። ልጄ ሰፈር መግዛት ቀርቶ መከራየትም አልቻልንም፣ ቤቱ ሁሉ ተወድዷል። እሷ ጋ እንዳንገባ ሁለት ክፍል ናት፣ አማቻችንም የሌሊት ሥራ ሠርቶ ቀን ነው የሚተኛ። ያገኘነው ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው፣ ሁለት አውቶቡስ ይያዛል። ደረጃ የለውም። እሱን ባለቤቴ ናት ደጋግማ ፈልጋ ያገኘችው። አከራያችን ጥሩ ሴት ናት፤ ጣሪያዬን አትንኩብኝ እንጂ ሌላውን እንደ ቤታችሁ አለችን። ባለቤቴ ወደኔ ዞር ብላ «እሱማ ጣሪያ ትቷል» አለቻት። ሳቅ ነገር አየሁባት... ወይስ እኔ ነኝ የፈለግኩት?

ሰኔ 7

እሑድ እሑድ ልጄ ጋ እንሄዳለን። ለመድረስ ጠዋቱን፣ ለመመለስ ከሰዓቱን። መሀል ላይ ጩጬዋ ትተኛለች። ባለቤቴ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ታያታለች። «እስክትነሳ ጋደም በይ» ብላት «ስትነሳ እኮ የመሄጃ ሰዓታችን ነው» አለችኝ።

አጥሩ ማዶ አናጢው ሲመታ ይሰማል። ጥሩ ወንበር ይሠራል። በረንዳውን አስፍቶታል። እኛ ልንቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ የልጆቹ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። አላይም እላለሁ፣ ዓይኔ ይሄዳል።

ነሐሴ 14

ሊመሽ ሲል ልጃችን ደወለች። ጩጬዋ ዳዴ አለች! ምንጣፍ ላይ አስቀምጣት ወደ ኩሽና ስትገባ ተከትላት መጣች። «ስጮህ የአናጢው ሚስት ሰምታ በሩጫ መጣች፣ ለሷም ደግማ አሳየቻት!» ልጄ ይሄን ስትል ምንም አላሰበችም፣ ደስታ ነው። ባለቤቴም «እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» እያለች ነው የሰማቻት።

ስልኩን ዘጋች። ተነስታ ጫማዋን አደረገች፣ ማሰሪያውን ጥብቅ አድርጋ አሰረች። ሹራቧን ደረበች። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ይገኝ ይሆናል። ሁለተኛው በዚህ ሰዓት የለም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም።

«ነገ በማለዳ እንሄዳለን፣ እሑድን አንጠብቅም» አልኳት።

«ዛሬ ነው እኮ ዳዴ ያለችው» አለች። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታሁላት። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። እግሯን አልሳበችብኝም።